ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ

ሰኞ

ሕዋስ ማለት ሕዋስ አይደለም። ይህን የተማርሁት ዛሬ ከቀትር በኋላ ከልጅ ልጄ ከማስተዋል አፍ ነው። የተማርሁትም ተሳስቼ፣ ያውም በልበ ሙሉነት ተሳስቼ ነው።

ማስተዋል ከግራዋው ጥላ ሥር መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ግን አጥሩ ላይ ተክላ ተቀምጣ ነበር። ገጹን ነፋስ ይገልጠዋል፤ እርሷ አትገልጠውም። "ምን ታጠኛለሽ?" ብላት "ሕዋስ ነው፣ አባባ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ይህስ የእኔ ርስት ነው ብዬ፣ በከዘራዬ መሬቱን እየመታሁ፣ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ እያልሁ አምስቱን ሕዋሳት ከነአገልግሎታቸው ዘረዘርሁላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ጨዋ ልጅ ናት።

"አባባ፣ የእኛዎቹ አምስት አይደሉም። ተቆጥረው አያልቁም።"

"ምናቸው ነው ተቆጥሮ የማያልቀው?"

"የሰውነት ቅንጣቶች ናቸዋ። እንደ ትንንሽ ቤት ናቸው፤ በዓይን አይታዩም። እርስዎም፣ ግራዋውም፣ ዶሮዋም የተሠራችሁት ከነሱ ነው።"

ከዶሮ ጋር በአንድ አንቀጽ መጠራቴን እንዳልሰማሁ ሆንሁ። ቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ቢይዝ ሊደንቀኝ አይገባም፤ ኅብር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ቢሆንም ግን ከዚያ ቅኔ ቤት ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ሳስተምርበት የኖርሁት ቃል፣ እኔ ሳላውቅ ሌላ ቤት ሠርቶ፣ ሌላ ትዳር ይዞ ሲኖር ማግኘቴ ቅር አሰኘኝ።

ልጄ ይበልጣል ያውቀው ነበር። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሲያስተምር ነው የኖረው። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ እርሱም ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በነቀርሳ ሞተብኝ። ማስተዋል የእርሱ ልጅ ናት። የአባቷን ትምህርት መርጣ ቡሬ ኮሌጅ ገባች። የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። ፈተናዋ ከነገ ወዲያ ረቡዕ ነው፤ እርሷ ግን ለጥናት ተለቃ ከመጣች ወዲህ አንድ ገጽ አልገለጠችም።

እናቷ እናኑ ዛሬ ጠዋት እንዲህ አለችኝ። "አባቴ፣ እንግዲህ ይቅርባት። አዲስ አበባ ወንድሜ ሱቅ ትግባ። ያን መጽሐፍ ባየች ቁጥር አባቷን ነው የምታየው።" ከፈተናው ከቀረች ግን ዓመቱን ትደግማለች። "ዓመቱን ትደግማለች" የሚባልላት ልጅ ደግሞ ተመልሳ እንደማትመጣ ብዙ ዘመን በመምህርነት አይቻለሁ።

ስለዚህ ማስተዋልን ጠርቼ፣ "ነገ ጠዋት ታስተምሪኛለሽ" አልኋት።

"እርስዎን?"

"ምነው፣ ድንጋይ መሰልሁሽ?"

ማክሰኞ

ከቁርስ በፊት ጀመርን። ደንቡን አስቀድሜ ነገርኋት። በእኛ ቤት ንባብ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ግዕዝ፤ ቃሉን እየነጣጠሉ፣ ፊደሉን እየረገጡ ማንበብ ነው። ከዚያ ውርድ ንባብ፤ ዜማውን ይዞ መውረድ ነው። በመጨረሻ ቁም ንባብ፤ ሳይሰናከሉ ማፍሰስ ነው። ይህን ሁሉ ስትፈጽም መጽሐፉ ይከደናል፤ የቃል ይባላል።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ዳዊት አይደለም። ያውም በእንግሊዝኛ ነው።"

"እንግሊዝኛውን በግዕዝ አንብቢው። በውርዱ ወደ አማርኛ መልሺልኝ። በቁሙ እኔ ራሴ እስክደግመው ታስረጂኛለሽ። እኔ ካልገባኝ አንቺም አልገባሽም ማለት ነው።"

ከንፈሯን ነከሰች። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ ግን ጀመረች።

እስከ ቀትር ድረስ የተማርሁት የሚከተለው ነው። ሕዋስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑም እንደ ብልህ በረኛ የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል። በውስጡ አስኳል አለ። አስኳል ያልሁት የእንቁላሉን አይደለም፤ እንደገና ተሳስቼ እንደገና ታረምሁ። በአስኳሉ ውስጥ ሕዋሱ ምን እንዲሆን የታዘዘበት ቃል ተጽፎ ይኖራል። ደግሞ ኃይል የሚያመነጭ ሚቶኮንድሪያ የሚባል አለ።

"ማን አልሽው?"

"ሚቶኮንድሪያ።"

"ይህ ደግሞ የየት አገር ንጉሥ ነው?"

ሳቀች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እናኑ ከጓዳ ብቅ አለች፤ በእጇ ማማሰያ ይዛለች። ልጇን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች።

የትምህርቱ ምሰሶዎች ሦስት ናቸው። ሕይወት ያለው ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው። የሕይወት መነሻው ሕዋስ ነው። ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ይወጣል። ሦስተኛውን ስሰማ ዜማ የለመደው ጆሮዬ ቆመ። አበጥሮ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ቤት ይመታል። በውርድ ንባብ አወረድሁት። እርሷም ተቀበለችኝ። ሁለታችን በግራዋው ሥር "ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ይወጣል" እያልን ስንቀባበል ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "መምህር፣ ማኅበር ጀመሩ እንዴ?" አለኝ።

ይበልጣል ከእኔ ወጣ። ማስተዋል ከይበልጣል ወጣች። መካከሉ ተበጠሰ። ይህን ለእርሷ አልነገርኋትም።

ከምሳ በኋላ አዲስ ምዕራፍ ገለጥን፤ ስለ ሕዋስ መከፈል ነው። አንድ አንቀጽ አንብባ ቆመች። "ራሴን አመመኝ" ብላ መጽሐፉን ከደነች። ግዕዙም አልተፈጸመም። አላስገደድኋትም።

ወደ ማታ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። መናኸሪያው ባዶ ነው። ወደ ቡሬም ወደ ጅጋም የሚንቀሳቀስ የለም።

ረቡዕ

መኪና የለም። ፈተናው ዛሬ ነበር። ማስተዋል ተኝታ አረፈደች። ስትነሣ ፊቷ ላይ ያየሁት ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ይህ ከኀዘኑ ይበልጥ አስፈራኝ።

"ትምህርታችን አልተፈጸመም" አልኋት።

"ፈተናው አለፈ እኮ፣ አባባ።"

"እኔ የምማረው ለፈተና አይደለም።"

ተቀመጠች። ምዕራፉን ገለጠች። ትናንት ከቆመችበት አንቀጽ ስትደርስ እንደገና ቆመች። የተማሪን ዝምታ መጠበቅ የመምህር ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን ተማሪው እኔ ነበርሁና እንዴት እንደሚጠበቅ አላወቅሁበትም።

በመጨረሻ መጽሐፉን ሳታይ ተናገረች። ሕዋስ በልኩ ይከፈላል አለች፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ያረጀውና የተበላሸው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ራሱን ያሰናብታል። መሞቱ ጥፋት አይደለም፤ ሥራ ነው። "በእናታችን ማሕፀን ሳለን ጣቶቻችን እንደ ዳክዬ እግር የተጣበቁ ናቸው። በመካከላቸው ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ከዚያ ጣት ጣት ይሆናል።" እጄን ዘርግቼ አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

"አንዳንዱ ግን እምቢ ይላል" አለች። "ሙት ሲባል እምቢ፣ መከፈልህን አቁም ሲባል እምቢ። ለወጣቶቹ የሚሆነውን ይበላል። ቦታቸውን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል።" ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬን የገደለው ይሄ ነው፣ አባባ። አንድ መሞት እምቢ ያለ ሕዋስ" አለች።

ነቀርሳ ማለት ይህ ነው ለካ። ሐኪሞቹ ባሕር ዳር ላይ ብዙ ነገር ነግረውኝ ነበር፤ አንዱም እንዲህ አልገባኝም።

እርሷ ለማልቀስ ወደ እናቷ ገባች። እኔ ከግራዋው ሥር ብቻዬን ቀረሁ። አንድ አሳብ መጣብኝ፤ ለማባረር ብዙ ታገልሁት። እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጊዜዬ ደርሷል፤ እንዲያውም አልፏል። ልጄ በጎልማሳነቱ ሄደ፤ እኔ አለሁ፤ እበላለሁ፤ ቦታ ይዣለሁ። መሞት እምቢ ያለው ማን ነው?

ከቀትር በኋላ ማስተዋል ስልክ ተደወለላት። አብራት የምትማር ልጅ ናት። መንገድ ስለተዘጋ ፈተናው ለሁሉም ተላልፏል። ወደ ቅዳሜ።

ቅዳሜ የይበልጣል መንፈቅ ነው።

ሐሙስ

ለተዝካሩ የተሰናዳው እነሆ። ጠላው ደርሷል። በሬው ማንኩሳ እኅቴ ደጅ ታስሯል። ዳሱ ዛሬ ይጣላል። ካህናቱ ተነግሯቸዋል። ልጄ የተቀበረው እዚያው በአያቶቹ ደብር ነውና ፍትሐቱም ድግሱም በዚያው ነው። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ስለዚህ ቀኑ ወዲያም ወዲህም አይልም። ያልተሰናዳሁ እኔ ነኝ።

መንገዱ ተከፈተ። በመጀመሪያዋ ሚኒባስ እኅቴ እታለም እናኑን ልትወስድ ከማንኩሳ መጣች። ታናሼ ናት፤ ምላሷ ግን ከሁላችን በፊት የተወለደ ነው። የፈተናውን ነገር ከበር እስከ መደብ ሳትደርስ ሰማች።

"አያ፣ እውነት ነው የምሰማው? ሴት ልጅ ያባቷን መንፈቅ ጥላ፣ የሣር ስም ስትቆጥር ልትውል ነው?"

"ሣር አይደለም የምትቆጥረው።"

"ታዲያ ምንድን ነው? ትል ነው? ኧረ ይተዉ! አንቱን አይደለም ወይ አገሩ ሥርዓት የሚጠይቀው? ሥርዓት አዋቂ ነኝ ሲሉ ኖረው ዛሬ በልጅዎ ይፍረስ?"

እናኑ ነጠላዋን በእጇ እየጠቀለለች፣ "እኔስ ሰው ምን ይለኛል?" አለች። "ባሏ ሞተ፣ ልጇ ጠፋች ይሉኛል። አባቴ፣ እርስዎ አይሆንም ይበሏት። ከእርስዎ ቃል አትወጣም።"

እውነቷን ነው። አይሆንም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ሁሉም በእኔ አፍ ላይ ተንጠለጠሉ። እኔ ግን ቃል አጣሁ። ዝምታዬ እታለምን አናደዳት።

"ይበልጣል ሲሞት አብሮት ያልሞተ ማን ቀረ? ምነው እንዲህ ጨከኑ!"

"እኔ ቀረሁ" አልሁ። ጮኼ ነበር መሰለኝ። "መሞት እምቢ ያልሁት ሕዋስ እኔ ነኝ። እርሱ ይሂድ፣ እኔ ልቅር ያልሁ እኔ ነኝ።"

እታለም ወደ እናኑ ጠጋ ብላ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት፣ "ሕዋሳቸው ደክሟል፤ መስማቱም ማየቱም ከድቷቸዋል፤ አትፍረጂባቸው" አለቻት። ሰኞ ዕለት ብትናገረው ኖሮ እኔም ልክ ነሽ እላት ነበር።

ለንስሐ አባታችን ደወልሁ። መልካም ካህን ናቸው፤ ነገርን ፊት ለፊት አይናገሩም። ጉዳዩን ሰምተው ሲያበቁ፣ "መምህር፣ ፍትሐቱ የሚደረሰው ለሞተው ነው። ያለችው የት መዋል እንዳለባት መጽሐፉ አይናገርም" አሉኝ። አመሰገንኋቸው። ስልኩን ልዘጋ ስል ጨመሩ፤ "ሰው ግን ይናገራል።"

እናኑና እታለም ከሰዓት በኋላ ሄዱ። እናኑ ስትወጣ ጉልበቴን አልሳመችም። ሁልጊዜ ትስም ነበር።

ዓርብ

ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን። ጠዋት ማስተዋል ያለቀለት ነገር እንደሚናገር ሰው መጥታ ፊቴ ቆመች።

"አባባ፣ አልሄድም። ነገ ማንኩሳ ነው የምውለው።"

ይህን አልጠበቅሁም። ከዘመድ ሁሉ ጋር ልጣላላት ስሰናዳ እርሷው እጅ ሰጠች። "ተቀመጪ" አልሁና ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኋት።

አባቴ ሲሞት እኔ ቅኔ ቤት ነበርሁ። ከአገሬ ብዙ ቀን መንገድ ርቄ፣ ቁራሽ እየለመንሁ፣ ማንም ልጅ እንደሚማረው ስማር ነው። መርዶው የደረሰኝ ዘግይቶ፣ ተዝካሩ በሚደገስበት ሰሞን ነበር። የኔታ ዘንድ ቀርቤ ልሂድ ብዬ ተደፋሁ። የኔታ ቆጣ ብለው፣ "ጉባኤው ለማንም አይፈታም" አሉኝ። አለቀስሁ። በማግስቱ ግን ከጉባኤው መካከል አስነሥተው፣ "የአባትህ ተዝካር ዛሬ ነው። ድግስህን አቅርብ" አሉኝ። ድግሱ ቅኔ ነበር። ተቀኘሁ። ባልንጀሮቼ "ይበል!" አሉ። ያን ዕለት አባቴን እኔ አስፈታሁት ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

"የአንቺም ቅኔሽ ቡሬ ነው" አልኋት።

"አባባ፣ እርስዎ ቅኔ ነው ያቀረቡት። እኔ እኮ አብዛኛውን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው የማከብበው" አለችኝ።

ሳልወድ ሳቅሁ። እርሷ ግን አልሳቀችም። ፊቷ የመምህር ፊት ሆነ፤ የአባቷ ፊት ነው።

"ትናንት ለእትዬ እታለም የተናገሩትን ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ስሕተት ነው።"

ስሕተት ነው! ቅኔ ቤቱን ከለቀቅሁ ወዲህ ይህን ቃል ፊቴ ላይ ያስቀመጠ ሰው አላስታውስም። ከዘራዬን ጨበጥሁ።

"ምኑ ነው ስሕተቱ?"

"እርስዎ ያ ሕዋስ አይደሉም። ሕዋስ ሁሉ አንድ ዓይነት መሰልዎት? የቆዳው በየጊዜው ይሞታል፣ ይተካል። የደሙም እንደዚያው ነው። የነርቭ ሕዋስ ግን እንደነሱ አይደለም። እጁ ረጅም ነው፤ አንዱ ለአንዱ መልእክት ያቀብላል። ሰው የሰማውን፣ የተማረውን፣ ስሙን እንኳ የሚይዙት እነሱ ናቸው። አይከፈልም። ከሰውየው ጋር ተወልዶ ከሰውየው ጋር ያረጃል። አረጀ ተብሎ አይጣልም፣ አባባ። እሱ ከሄደ የያዘው ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው።"

"ይህ በመጽሐፉ አለ?"

"አለ። ደግሞ አይጠራጠሩ። አሁን ይበሉት።"

"ምኑን?"

"በቁም ንባብ ይበሉት። እርስዎ ካልገባዎ እኔም አልገባኝም ማለት ነው።"

የራሴን ሕግ በራሴ ላይ አወጣችው። ተነሥቼ ቆምሁ፤ ተማሪ ተቀምጦ አይልምና። የነርቭ ሕዋስ አይከፈልም፤ ከሰውየው ጋር ይወለዳል፤ ከሰውየው ጋር ያረጃል፤ ቢጠፋ ምትክ የለውም። የመጨረሻዋን ሐረግ ስል ድምፄ ተሰናከለ። ቁም ንባብ አልሆነም። እርሷም "ይድገሙ" አላለችኝም።

ከዚያ ተቀምጠን ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበብነው። ማክሰኞ ከቆመችበት አንቀጽ፣ ረቡዕ ካስለቀሳት ገጽ ላይ ስትደርስ ቀስ አለች፤ ግን አልቆመችም። ካንሰር ይላል መጽሐፉ። እኔ ነቀርሳ እላለሁ። ሁለቱን እያፈራረቅን ስንቀባበል ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ "የቡሬ ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?" አለችኝ።

ቅዳሜ

በመጀመሪያዋ ሚኒባስ ሁለታችንም ተሳፈርን። መንገዱ አንድ ነው፤ ማንኩሳ በቅርብ ናት፣ ቡሬ ከዚያ ወዲያ። እኔ ነጭ ጋቢዬን ለብሻለሁ፤ እርሷ በጥቁር ልብሷ ላይ መጽሐፏን ታቅፋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የታጨደው ማሳ በመስኮት ያልፋል።

"ማንኩሳ ወራጅ!" አለ ረዳቱ።

ተነሣሁ። እርሷም አብራኝ ተነሣች። ዳሱ ከመንገዱ ይታያል፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ወደዚያ ይሄዳሉ። እንባዋ ሞላ። ተሳፋሪው ሁሉ እኛን ያያል፤ ረዳቱ፣ "አባቴ፣ ወራጅ ነዎት አይደለም?" ይለኛል።

"የሕዋስ ሽፋን ምን ይሠራል?" አልኋት።

"አሁን?"

"አሁን።"

"የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል።"

"መልካም። እኔ ወራጅ ነኝ፤ አንቺ ተቀመጪ።"

ወረድሁ። ሚኒባሷ ከዓይኔ እስክትጠፋ ከመንገዱ ዳር ቆምሁ።

እናኑ ከዳሱ ደጅ ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም፤ ከኋላዬ ያለውን ነው ያየችው። ከኋላዬ ማንም የለም። ፊቷን መልሳ ገባች።

ፍትሐቱ በሥርዓቱ ተፈጸመ። ስሙ በተጠራ ቁጥር ራሴን ደፋሁ። ከድግሱ ላይ ግን ያው የፈራነው መጣ። "ልጅቱስ? ልጁስ የት አለች?" ይባባላሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት እጄን ይዘው፣ "የኔታ፣ ያቺ የይበልጣል ልጅ ወዴት ናት?" ሲሉኝ፣ የለመደብኝ ምላሴ ቀድሞኝ፣ "ከአባቷ ዘንድ ዋለች" አልሁ።

ሰሙን ብቻ ሰሙት። "ወይኔ! እርሷም?" ብለው ደረታቸውን መቱ። ጩኸቱ ከሴት ወደ ሴት ተላለፈ፤ ዳሱ እንደ አዲስ ተላቀሰ። እታለም ከጓዳ እየሮጠች ወጥታ፣ "ኧረ በሕይወት አለች! ቡሬ ፈተና ላይ ናት!" እያለች ሕዝቡን አረጋጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አያ፣ ዛሬስ ቅኔውን ይተዉት" አለችኝ። ቁጣዋ ከሳቅ ጋር ይታገል ነበር። ሰዉም እንዲያ ከደነገጠ በኋላ በሕይወት መኖሯን ብቻ እንደ ምሥራች ቆጠረውና የት እንደዋለች መጠየቁን ተወው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣች። ዳሱ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ዘመዶች ናቸው። በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ እታለም ተከድኖ የቆየ ሌማት ይዛ ተቀበለቻት፤ "ነይ፣ ያንቺን አስቀምጬልሻለሁ። ሣሩን ቆጠርሽው?" አለቻት። ማስተዋል ተንበርክካ እግሯን ልትስም ስትል እታለም ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። እናኑ ከሩቅ አየቻቸው። አልቀረበችም።

ከበላች በኋላ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች።

"ስለ ሕዋስ ሞት መጣ?" አልኋት።

"መጣ። እሱማ ምርጫ አልነበረም፤ ይብራራ ነው የሚለው። ጣቶቹንም ሁሉንም ጻፍኩ።" ከዚያ ቀና አላለችም። "አባባ፣ ወረቀቱን ከሰጠሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ካንሰር ማለት ሲገባኝ ነቀርሳ ብዬ ጽፌያለሁ። በፊደል። በእንግሊዝኛው መካከል፣ በአማርኛ ፊደል። ከእርስዎ ጋር እሱን እያልን ስለዋልን እጄ ዝም ብሎ ጻፈው።"

"ስንት ጊዜ?"

"በመጣ ቁጥር።"

ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ስሕተት በቀይ ያሰመርሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ግን እጄ ቀዩን አላነሣም አለኝ።

እሑድ

ዛሬ ቅበላ ነው። ከቅዳሴ መልስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን፤ ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ። እናኑ ከፊት ተቀመጠች። እቤት ስንደርስ እግሬን የምታጠብበት ውኃ አቀረበችልኝ፤ ግን አልተናገረችኝም። የአዲስ አበባውንም ሱቅ አላነሣችም። አንሥታ ከምትተወው ሳታነሣው መቅረቷ ይሻል ወይስ ይከፋ እንደሆነ አላውቅም።

የፈተናው ውጤት መቼ እንደሚነገር አይታወቅም። መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይላሉ። ያን ወረቀት የሚያርመው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ፊደሉን አይቶ ያልፈው ይሆን፣ ይሰርዘው ይሆን? ምናልባት ቆም ብሎ ያነበው ይሆናል። እኔ ብሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ እስከ ትናንት ድረስ አውቅ ነበር።

ከቀትር በኋላ ማስተዋል መጽሐፏን ይዛ ወደ ግራዋው መጣች። አልጠራኋትም።

"የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ውርስ ነው" አለችኝ። "እሱንም አያውቁትም አይደል?"

"የርስቱን ነው የምትዪው?"

"የርስቱን አይደለም፣ አባባ።"

"እንግዲያው አላውቀውም" አልሁና ለመማር ተቀመጥሁ።